ስድብና ጸሎት የወጡበት ብርዕ፤ የመስኮቡ ባለቅኔ የፑሽኪን ዜና ሕይወትና ዕረፍት

በመስኮብ አገር ከነገሥታቱና ከጦር አለቆቹ ይልቅ ስሙ በሕፃናት አፍ ሳይቀር የሚጠራው ባለቅኔ አሌክሳንድር ፑሽኪን ነው። የዚህን ሰው ዜና በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ለመጻፍ ስንነሣ፥ ቁማርተኛና ሴት ወዳድ የነበረውን፥ በጠብም ምክንያት በሽጉጥ ተታኵሶ የሞተውን ሰው ከአበው ትምህርት አጠገብ ምን አመጣው ብለው የሚጠይቁን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ጥያቄው የተገባ ነው። እኛም ገድል ልንጽፍለት አልተነሣንም። ነገር ግን የንስሓ አባት የሆነ ካህን ሁሉ ከልጆቹ አፍ የሚሰማው የጻድቃንን ገድል ሳይሆን እንዲህ ያለውን ሰው ታሪክ ነው። ስለዚህ ታላቅ ስጦታ ተሰጥቶት በዚያው በስጦታው የተሰናከለ ሰው፥ የሞቱ ሰዓት በደረሰ ጊዜ ምን እንዳደረገ መመልከት ለካህኑም ለምእመኑም የሚጠቅም መስሎናል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን ቍጥር፥ ዕለታቱን ግን የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በምትከተለው በአሮጌው በዩልዮስ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

ፑሽኪን በሞስኮ ከተማ ሜይ 26 ቀን 1799 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1791 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዕለቱ ሐሙስ፥ የጌታችን የዕርገት በዓል ነበረ። የእኛና የእነርሱ ፋሲካ ያን ጊዜም ዛሬም በአንድ ቀን የሚውል ስለ ሆነ፥ እርሱ በተወለደበት ሐሙስ በአገራችንም የዕርገት ማሕሌት ይቆም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በየሎሖቮ በምትገኘው በጥምቀት ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። ኋላ እንደምናየው ዕርገት የሚለው ስም በሕይወቱ ዳግመኛ ይመጣል።

የእናቱ አያት አብራም ሐኒባል ጥቁር ሰው ነበረ። ገና ብላቴና ሳለ ከቍስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ ተወሰደ፤ ታላቁ ጴጥሮስም በቪልና ከተማ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆነው አስጠመቁት፤ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ልከው የምሕንድስናና የጦር ትምህርት አስተማሩት። ይህ ሰው እስከ ታላቅ ጄኔራልነት ማዕረግ ደርሶ በ1781 ዓ.ም. ሞተ። ከሞተ በኋላ በዘመዶቹ እጅ የተገኘው በጀርመንኛ የተጻፈ ታሪክ የሐበሻ ተወላጅ ይለዋል። አኑቺን የሚባል ሩሲያዊ ሊቅ በ1899 ዓ.ም. የትውልድ ስፍራው ከመረብ ማዶ በሐማሴን በኩል ነው ብሎ ጻፈ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ ያለችው ሎጎኔ ቢርኒ ናት የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል፤ ክርክሩም አልተቈረጠም። እኛ ኢትዮጵያውያን ወገናችን ነው ብለን በአዲስ አበባ አደባባይ በስሙ ሰይመንለታል። በወገንነቱ የምንደሰት ከሆነ ግን መልካሙን ብቻ መርጠን ልንወስድ አይገባንም፤ ወንድም የሚባል ሰው ከነዕዳው ነውና። ፑሽኪን ራሱ በአፍሪካዊ ደሙ ይመካ ነበር፤ በ1827 ዓ.ም. ስለዚሁ አያቱ ልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ ጀምሮ ሳይፈጽመው ቀረ።

ወላጆቹ በቤት ውስጥ የሚናገሩት በፈረንሳይኛ ነበረ፤ የአባቱም መጻሕፍት ቤት ሃይማኖትን በሚያላግጡ የፈረንሳይ ጸሐፊዎች ድርሰት የተሞላ ነበረ። ልጁ የአገሩን ቋንቋ ከእናቱ እናትና አሪና ሮዲዮኖቭና ከምትባል ከገባር ወገን ከሆነች ሞግዚቱ ተማረ። በ1811 ዓ.ም. በጻርስኮዬ ሴሎ የተከፈተው ሊሴ የተባለው የመኳንንት ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። በ1815 ዓ.ም. በፈተና ቀን የራሱን ግጥም ሲያነብ የዘመኑ ታላቅ ባለቅኔ ሽማግሌው ዴርዣቪን ሰምተው እጅግ ተደሰቱ። በእኛ ቅኔ ቤት መምህሩ ያላሰበውን ቅኔ የሚዘርፍ ተማሪ ሲነሣ የሚሆነውን ደስታ ያየ ሰው የሽማግሌውን ልብ ያውቀዋል። ልጁ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እንዲህ ያለ ውዳሴ በዚህ ዕድሜ መስማት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነም መምህራን ሁሉ ያውቁታል።

በ1817 ዓ.ም. ትምህርቱን ጨርሶ በፔተርስቡርግ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ፤ ሥራው ግን ለስሙ ነበር። ሌሊቱን በጭፈራና በካርታ ቁማር ያሳልፍ ነበር፤ ስለ ገባሮች ነጻነትና ስለ ነገሥታት ግፍ የጻፋቸው ግጥሞችም ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ስለዚህ በ1820 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት እስክንድር ቀዳማዊ ወደ ደቡብ አገር እንዲሄድ አደረጉት። ስለ ገባሮቹ የጻፈውን እኛ አንነቅፍበትም።

የምንነቅፈው በ1821 ዓ.ም. በኪሺኒዮቭ ከተማ ተቀምጦ የጻፈውን ነው። ቅዱስ ገብርኤል ለእመቤታችን ያበሠረውን ብሥራት መሳለቂያ ያደረገበትን ረጅም ግጥም በዚያ ዓመት ጻፈ። የግጥሙን ስም በዚህ ገጽ ላይ አናስቀምጠውም፤ በውስጡ ያለውንም አንተርክም። ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆን ወዳጆቹን ለማሳቅ የጻፈው ነው፤ ሳቁ በአንድ ሌሊት አለቀ፤ ጽሑፉ ግን በግልባጭ በየቤቱ ገባ። ብርዕ የያዘ ሰው ኃጢአት ከሌላው የሚለይበት ነገር ይህ ነው፤ ባለቤቱ ሲጸጸት እንኳ ሥራው ከሄደበት አይመለስም።

ከኪሺኒዮቭ በ1823 ዓ.ም. ወደ ኦዴሳ ተዛወረ። በዚያ የአንድ ነጋዴ ሚስት የነበረችውን አማሊያ ሪዝኒችን ወደደ፤ ጥቂትም ሳይቈይ የአገረ ገዡን የቮሮንጾቭን ሚስት ወደደ። አገረ ገዡም በ1824 ዓ.ም. ከሌሎች ሹማምት ጋር የአንበጣ መንጋ ያደረሰውን ጥፋት እንዲመረምር ላከው፤ ባለቅኔው ይህን እንደ ታላቅ ውርደት ቈጠረው። በዚያው ዘመን ከአንድ እንግሊዛዊ ፈላስፋ የክሕደት ትምህርት እንደሚማር ለወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ በመንግሥት እጅ ወደቀ። ከሥራ ተሰናብቶ በፕስኮቭ አውራጃ ባለችው በእናቱ ርስት በሚኻይሎቭስኮዬ እንዲቀመጥ ተፈረደበት፤ ምግባሩንና ሃይማኖቱንም የአቅራቢያው የስቪያቶጎርስክ ገዳም አበ ምኔት እንዲጠብቁ ታዘዘ። አባቱም የልጁን ነገር ተመልክቶ እንዲያስታውቅ ስለ ተጠየቀ፥ አባትና ልጅ ክፉኛ ተጣልተው ቤተ ሰቡ ጥሎት ሄደ፤ ከሞግዚቱ ጋር ብቻውን ክረምቱን አሳለፈ።

መንግሥት ቅጣት ብሎ የሰጠው ይህ ስፍራ ግን ከሁሉ ይልቅ ጠቀመው። ማታ ማታ ከአሪና ሮዲዮኖቭና ተረት ይሰማ ነበር፤ በገዳሙ በዓል ቀን ከሕዝቡ መካከል ገብቶ የዕውራን ለማኞችን መዝሙር ያደምጥ ነበር፤ የአገሩን ታሪክና የቅዱሳንን ገድል ያነብብ ነበር። በ1825 ዓ.ም. የፈጸመው ቦሪስ ጎዱኖቭ የተባለው ተውኔት ከዚህ ንባብ የተገኘ ነው። በእርሱም ውስጥ በሌሊት በመብራት ተቀምጦ ዜና መዋዕል የሚጽፍ አረጋዊ መነኵሴ አለ፤ ስለ ራሱ ምንም ሳይፈልግ ያየውን ለትውልድ የሚተው ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በብሥራቱ ያላገጠ እጅ እንዲህ ያለውን መነኵሴ መሳሉ ያስደንቃል። በዚያው ዓመት የእንግሊዙን ባለቅኔ የባይረንን ተዝካር አስቦ በአጥቢያው ካህን የፍትሐት ጸሎት አስደረገለት፤ ባይረን የኦርቶዶክስ ልጅ አልነበረምና ካህኑ እንዴት እንደ ተቀበለው ሊቃውንቱ ይከራከሩበት።

በዚህ ስፍራ ሁለት ሴቶች ይነሣሉ። አንዲቱ አና ኬርን ናት፤ የአንድ ሽማግሌ ጄኔራል ሚስት ስትሆን በ1825 ዓ.ም. በጋ ወደ ጎረቤት ርስት መጥታ ነበር፤ ፑሽኪንም ስለ እርሷ የጻፈው ግጥም በአገሩ ከተጻፉት የፍቅር ግጥሞች ሁሉ የታወቀ ሆነ። ሁለተኛይቱ ኦልጋ ካላሽኒኮቫ ናት፤ በርስቱ ላይ ከሚሠሩት ገባሮች የአንዱ ልጅ ነበረች። እርሷ በፀነሰች ጊዜ ፑሽኪን በ1826 ዓ.ም. ደብዳቤ አስይዞ ወደ ወዳጁ ወደ ቪያዜምስኪ ላካት፤ እንዲያስጠጋትና ልጁም ሲወለድ እንዲታሰብለት ለመነ። ሕፃኑ በጥቂት ወራት ሞተ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጄኔራሉ ሚስት መጽሐፍ ሲጽፉ ለዚህች ድኻ ጥቂት መስመር ብቻ ይሰጧታል። እኛ ግን ሚዛኑ እንዲህ ሊሆን አይገባም እንላለን። መኳንንቱ ሴቶች እንቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ ከመሬቱ ጋር የምትሸጥ የገባር ልጅ ለጌታዋ ልጅ እንቢ የማለት ኃይል ከወዴት ታገኛለች? ስለ ነጻነት የዘመረው ሰው በገዛ ደጁ ያለችውን ነጻነት የሌላትን አላያትም።

በ1825 ዓ.ም. ዲሴምበር ወዳጆቹ ከነበሩት ብዙዎቹ በመንግሥት ላይ ተነሥተው ተያዙ፤ አምስቱ ተሰቀሉ፥ ሌሎቹም ወደ ሲቤርያ ተጋዙ። እርሱ በግዞት ላይ ስለ ነበረ ተረፈ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ኒቆላዎስ ቀዳማዊ በሴፕቴምበር 1826 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ አስጠርተው አነጋገሩት፤ ከግዞትም ፈቱት፤ ጽሑፉን ራሳቸው እንደሚመረምሩለት ነገሩት። ነጻ ወጣ ሲባል ሌላ ሰንሰለት ገባ፤ የጸጥታው ሹም ቤንኬንዶርፍ እስከ ዕለተ ሞቱ ከዐይኑ አልለየውም።

በ1828 ዓ.ም. በልደቱ ቀን ሕይወት ከንቱ ስጦታ እንደ ሆነችና ለምን እንደ ተሰጠችው እንደማያውቅ የሚናገር የተስፋ መቍረጥ ግጥም ጻፈ። በዚያው ዓመት የአንድ መኰንን አገልጋዮች ያንን የስድብ ግጥም ይዘው ለፔተርስቡርጉ ሜትሮፖሊታን ለአቡነ ሴራፊም አቤት አሉ። ገባሮቹ የጌታቸውን ቤት ነውር ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣታቸውን ልብ ይሏል። ፑሽኪን በምርመራው ላይ የእኔ አይደለም ብሎ ካደ፤ ደግሞ ሲጠየቅ ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የሚደርስ የታሸገ ደብዳቤ ጻፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩ እንዲዘጋ አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ያን ግጥም በፊቱ የሚያነሣበትን ሰው ይቈጣ እንደ ነበረ ወዳጆቹ ጽፈዋል።

ያቺ የተስፋ መቍረጥ ግጥም ታትማ በወጣች ጊዜ መልስ የሰጡት የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ፊላሬት ናቸው፤ እኚህን አባት የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ዓ.ም. ከቅዱሳን ቍጥር አስገብታቸዋለች። አላወገዙትም፤ ዝምም አላሉትም። እርሱ በጻፈበት በዚያው የግጥም ስልት ቃሉን አንድ በአንድ እየመለሱ፥ ሕይወት ያለ ዓላማ ከእግዚአብሔር እንዳልተሰጠች፥ ክፋቱንም ከራሱ ልብ እንዳመጣው ጻፉለት። ፑሽኪን በ1830 ዓ.ም. ጃንዋሪ ሌላ ግጥም ጽፎ የአባቱን ምክር የሚቀበል ልጅ ሆኖ መለሰላቸው። በእኛም ዘንድ መምህር የተማሪውን የተሳሳተ ቅኔ በቅኔ ያቀናለታል፤ ብፁዕነታቸውም ባለቅኔን በምን ቋንቋ መገሠጽ እንዲገባ አወቁ።

ወደ ትዳሩ እንመለስ። ፑሽኪን በ1829 ዓ.ም. የወደዳቸውን ሴቶች ስም በአንዲት ወይዘሮ ደብተር ላይ ጽፎ ነበር፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ የሚመካ ወጣት ቢኖር መጨረሻውን ያንብብ። ናታሊያ ጎንቻሮቫን በሞስኮ በአንድ የጭፈራ ግብዣ ሲያያት ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበረ። መጀመሪያ ቢያስጠይቃት እናቲቱ ቍርጥ ያለ መልስ አልሰጡትም፤ በ1830 ዓ.ም. በትንሣኤ ቀን ዳግመኛ ጠይቆ እሺ ተባለ። በዚያው ዓመት መጸው ለርስት ጉዳይ ወደ ቦልዲኖ ቢሄድ የኮሌራ ወረርሽኝ መንገዱን ሁሉ ዘጋው። ሦስት ወር ያህል በዚያ ተቀምጦ ከሌላው ዘመኑ ሁሉ የበለጠ ጻፈ፤ ለዓመታት ሲደክምበት የነበረውን ዬቭጌኒ ኦኔጊን የተባለውን ታላቅ ድርሰቱንም እዚያው ወደ ፍጻሜ አደረሰው።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1831 ዓ.ም. በሞስኮ በታላቁ የዕርገት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ተፈጸመላቸው። በሥርዓቱ መካከል ቀለበት ወደቀ፥ ሻማም ጠፋ፤ ሙሽራውም ይህ ክፉ ምልክት ነው ብሎ ደነገጠ ይባላል። ባለቅኔው ምልክትና ንግርት እጅግ ይፈራ ነበር። እኛ በእንዲህ ያለው አናምንም፤ የሚያስፈራው የወደቀው ቀለበት ሳይሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰበሰበው ልማድ ጋር ወደ ትዳር የገባው ልብ ነው።

አራት ልጆች ወለዱ። ቤቱ ግን ዕዳ በዛበት። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ለወጣቶች የሚሰጠውን ዝቅተኛ የእልፍኝ ባለሟልነት ማዕረግ ሰጡት፤ ሚስቱ በቤተ መንግሥት ግብዣ እንድትገኝ ተፈልጎ ነው ብሎ ስለ ተረዳው እንደ ስድብ ቈጠረው። በ1836 ዓ.ም. ማርች 29 ቀን በትንሣኤ ዕለት እናቱ ሞተች። ሬሳዋን ራሱ አጅቦ ወደ ስቪያቶጎርስክ ገዳም ወስዶ ቀበራት፤ በአጠገቧም ለራሱ የመቃብር ስፍራ ገዛ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ገና አልሞላውም ነበር።

በዚያ በጋ የሆነው ነገር ለእኛ ከሁሉ ይበልጣል። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም በየዕለቱ በስግደት የምትጸልየው የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጸሎት አለ፤ ስንፍናንና ከንቱ ንግግርን አርቅልኝ፥ ንጽሕናንና ትዕግሥትን ስጠኝ፥ የራሴን በደል አይቼ በወንድሜ እንዳልፈርድ አድርገኝ የሚል ልመና ነው። ፑሽኪን በጁላይ 1836 ዓ.ም. ይህን ጸሎት በግጥም አዘጋጀው። ቅዱስ ኤፍሬም ማለት እኛ ከሰኞ እስከ እሑድ የምናደርሰውን ውዳሴ ማርያምን የደረሰ አባት ነው። ፑሽኪን ይህን የእኛን ትውፊት አያውቅም ነበር። የእመቤታችንን ብሥራት የሰደበ እጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ የራሷን ወዳሴ ጸሎት እየተከተለ ሲጽፍ እናያለን፤ ማን እንዳስታረቀው አንባቢ ይፍረድ።

ይሁን እንጂ ጸሎቱን መጻፍ ሌላ ነው፥ መፈጸሙ ሌላ። ዣርዥ ዳንቴስ የሚባል በክብር ዘበኛ ጦር ያገለግል የነበረ ፈረንሳዊ መኰንን የሆላንድ አምባሳደር ሄክረን በጉዲፈቻ ልጁ ያደረገው ነበረ፤ ናታሊያን በግልጽ ይከተላት ጀመር። ኖቬምበር 4 ቀን 1836 ዓ.ም. ፑሽኪንን ሚስቱ የከዳችው ባል ብሎ የሚዘብት ስም የሌለው ደብዳቤ ለእርሱና ለወዳጆቹ ደረሰ። ፑሽኪን ዳንቴስን ለግጥሚያ ጠራው፤ ዳንቴስ የናታሊያን እኅት ለማግባት በመጠየቁ ነገሩ በረደ፤ ጃንዋሪ 10 ቀን 1837 ዓ.ም. አገባት። ሐሜቱ ግን አልቆመም። የሌሎችን ሚስቶች ሲያሳድድ የኖረ ሰው የራሱን ቤት ሐሜት መሸከም አቃተውና ለአምባሳደሩ ከባድ ስድብ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታርቅ አልተገኘም።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ዱኤል የሚሉት በቀጠሮ የመታኰስ ልማድ ነበረ፤ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም ይከለክሉት ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከፔተርስቡርግ ውጭ በጥቁር ወንዝ አጠገብ በበረዶ ላይ ተገናኙ። የወሰኑ ምልክት ዐሥር እርምጃ ነበረ። ዳንቴስ ቀድሞ ተኰሰ፤ ፑሽኪን ሆዱን ተመትቶ ወደቀ። ወድቆም ሳለ ሽጉጡን አነጣጥሮ ዳንቴስን ክንዱ ላይ መታው፤ ሲወድቅም አይቶ ደስ አለው። ይህን የምንጽፈው ልናሳፍረው አይደለም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሆነውን ለመረዳት በበረዶው ላይ የነበረውን ልብ ማወቅ ያስፈልጋልና ነው።

በሞይካ ወንዝ ዳር ወዳለው ቤቱ ሲመሽ አመጡት። ሐኪሙን እውነቱን እንዲነግረው ጠየቀ፤ ቍስሉ የማያድን መሆኑን ሰማ። የቤቱ ሐኪም ስፓስኪ በዘመዶቹ ልመና ስለ ንስሓ ቢያሳስበው ወዲያው ተቀበለ። ማን ይጠራልህ ሲባል ስመ ጥር አባት አልመረጠም፤ በአቅራቢያው የሚገኘው ካህን ይምጣ አለ። አባ ጴጥሮስ ፔሶትስኪ መጥተው ተናዘዘ፤ ሥጋ ወደሙን ተቀበለ። ካህኑ እያለቀሱ ወጡ፤ የነገራቸውን ለማንም አልገለጡም፤ ነገር ግን ሽማግሌ መሆናቸውንና ሐሰት መናገር እንደማያስፈልጋቸው ገልጸው፥ ለራሳቸው የሚመኙት እንዲህ ያለውን ፍጻሜ እንደ ሆነ ተናገሩ። ምስክሩ የነበረው ወዳጁ ዳንዛስ ዳንቴስን ልበቀልልህ ቢለው ከለከለው፤ ሰላምን እንደሚሻና እንደ ክርስቲያን መሞት እንደሚፈልግ አስታወቀው። ንጉሠ ነገሥቱም ይቅርታቸውንና የልጆቹን አደራ እንደሚቀበሉ ልከውለት ነበር።

ሁለት ቀን በጽኑ ሕመም ቈየ። ሚስቱ እንዳትሰማ ጩኸቱን ይውጥ ነበር፤ ንጹሕ እንደ ሆነችም ለወዳጆቹ ይመሰክር ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ አስመጥቶ ባረካቸው። አርብ ጃንዋሪ 29 ቀን፥ በእኛ የካቲት 4 ቀን 1829 ዓ.ም.፥ ከቀትር በኋላ ዐረፈ። በረቡዕ ቈስሎ በዐርብ መሞቱን የጾም ቀኖቻችንን የሚያስብ አንባቢ አይዘነጋውም።

መንግሥት የሕዝቡን ብዛት ፈርቶ ሬሳውን በሌሊት ከከተማ አስወጣ። ወዳጁ አሌክሳንድር ቱርጌኔቭና ሽማግሌው አገልጋዩ ኒኪታ ኮዝሎቭ ከአንድ ጀንደርማ ጋር አጅበው ወሰዱት፤ ፌብሩዋሪ 6 ቀን በስቪያቶጎርስክ ገዳም፥ ቀድሞ አበ ምኔቱ ሃይማኖቱን እንዲጠብቁ በታዘዙበት ስፍራ፥ ከእናቱ አጠገብ ተቀበረ። ዳንቴስ ከማዕረጉ ተሽሮ ከአገር ተባረረ፤ በፈረንሳይ የምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደርሶ በ1895 ዓ.ም. ሞተ። ናታሊያ በ1844 ዓ.ም. ላንስኮይ የሚባል ጄኔራል አግብታ በ1863 ዓ.ም. ሞተች፤ ከልጆቿ አንዲቱ እንደ ጻፈችው እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ዐርብን በጾምና በዝምታ ታሳልፍ ነበር። የቅዱስ ኤፍሬምን ጸሎት የያዘችው ግጥም ከወረቀቶቹ መካከል ተገኝታ፥ እርሱ ራሱ ባቋቋመው ሶቭሬሜንኒክ በተባለው መጽሔት በዚያው በ1837 ዓ.ም. ታተመች።